ሁለት ቢጫ ሥሮች፦ የቻይና መድኃኒት ዕፅዋት አንጀታችን ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ባለፈው ሰንበት ጎረቤቴ እትዬ ቡና ጠርተውኝ ነበር። ደብረ ብርሃንን ታውቋታላችሁ፤ ውርጩ አጥንት ይሰብራል፣ ሰው ሁሉ ከሰሉ ዙሪያ ይሰበሰባል። ቶናው ሲቀዳ እትዬ ከቁም ሳጥኑ ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። ውስጡ ቢጫ ክኒን ነው።

«የቻይና መድኃኒት ነው፤ ከዕፅ የተሠራ ነው አሉኝ። እስቲ እይልኝ ልጄ፣ ሆድ የሚያቆም ነው ወይስ ሆድ የሚያጥብ?»

«ለማን ነው እትዬ?»

«ለልጄ ልጅ ነዋ። ገና ወሩ ነው። ሆዱ አልረጋ ብሎታል።»

ስልኬን አውጥቼ ጽሑፉን ፎቶ አነሳሁና አስተረጎምኩት። «ሁዋንግ ሊየን» ይላል። ስሙን አላውቀውም ነበር። «አንብቤ እስክመጣ ድረስ አንዲት ፍሬ እንዳይሰጡት» ብዬ ወጣሁ። ያን ምሽት ያነበብኩትንና ከዚያ በኋላ ያጣራሁትን ነው እዚህ የማካፍላችሁ።

የእትዬ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የቻይና ሻይ፣ የቻይና እንክብል፣ «አንጀት ማጽጃ» እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ነው። አንዳንዱ ሰው ሁሉንም ያምናል፣ ሌላው ሁሉንም ያጣጥላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ሸዋሮቢት ወርዶ ወባ የያዘው ሰው ኮአርተም ሲሰጠው፣ ከመድኃኒቱ አንዱ ክፍል መነሻው የቻይና ዕፅ ነው። ከዚያ ዕፅ ፍቱኑን ንጥረ ነገር ለማውጣት የሠራችው ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸልማለች። ስለዚህ ከቻይና መምጣቱም፣ ከዕፅ መሠራቱም ብቻውን ምንም አይነግረንም። መጠየቅ ያለብን ዕፁ ሰውነት ውስጥ የትኛውን በር እንደሚነካ ነው።

ጨው ከሆድ ጋር ምን አገናኘው?

ቋንጣ ስትሠሩ አስተውሉ። ሥጋው ተዘልዝሎ ጨው ሲነሰነስበት ትንሽ ቆይቶ ውሃ ያንጠባጥባል። ማንም አልጨመቀውም። ጨው ውጭ ስላለ ውሃው ተከትሎት ወጣ።

አንጀት ውስጥም ነገሩ ይኸው ነው። አንጀት የውሃ ፓምፕ የለውም። ያለው የጨው ፓምፕ ነው። ውሃ ወደ ደም እንዲገባ ሲፈልግ ጨውን ወደ ደም ይገፋል፣ ውሃው ይከተላል። አንጀቱ እንዲረጥብ ሲፈልግ ደግሞ ጨውን ወደ አንጀቱ ባዶ ቦታ ይለቃል፣ ውሃው አሁንም ይከተላል።

ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሶዲየም ነው፣ ፖዘቲቭ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ሌላው ክሎራይድ ነው፣ ኔጋቲቭ ይይዛል። እንዲህ ኤሌክትሪክ ያዘለ ቅንጣት አዮን ይባላል። ፖታሲየምም ሌላው አዮን ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን። «የአዮን ዝውውር» ሲባል የእነዚህ ቅንጣቶች ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መመላለስ ማለት ነው።

የሚመላለሱት በአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት በኩል ነው። እያንዳንዱን ሕዋስ እንደ አንድ ቤት አስቡት። የፊት በሩ ምግቡ ወዳለበት ይከፈታል። የጓሮ በሩ ደሙ ወዳለበት ይከፈታል። እያንዳንዱ በር ደግሞ የራሱን አዮን ብቻ ነው የሚያሳልፈው።

በቀን ስንት ሊትር ውሃ ያልፋል?

ይህ ቁጥር እኔን በጣም ነው የገረመኝ። በቀን ከ8 እስከ 9 ሊትር ፈሳሽ ወደ ትንሹ አንጀት ይገባል። የሃያ ሊትሩ ጀሪካን እኩሌታ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። የምንጠጣውና የምንበላው ከዚህ ውስጥ 2 ሊትር ያህል ቢሆን ነው። ቀሪውን ሰውነታችን ራሱ ያፈሰዋል፤ ምራቅ፣ የጨጓራ ፈሳሽ፣ ሐሞት፣ የቆሽትና የአንጀት ፈሳሽ። ከዚህ ሁሉ ከሰገራ ጋር የሚወጣው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሌላው ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል።

የሚመልሰው ዋናው ሠራተኛ ጓሮው ላይ ያለ ፓምፕ ነው። ሶዲየምን ከሕዋሱ ወደ ደም ይገፋል፣ በምትኩ ፖታሲየም ያስገባል። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ ይህን ፓምፕ እ.ኤ.አ. በ1957 ለዓለም አስተዋወቀ፤ ከአርባ ዓመት በኋላ በ1997 ኖቤል ተሸለመበት። ሸዋሮቢት የሽንኩርት ማሳ ላይ የውሃ ፓምፕ ሲቆም ቦዩ ሁሉ እንደሚደርቀው፣ ይህ ፓምፕ ሲዳከም የአንጀት ሥራ ሁሉ ይዳከማል።

ተቅማጥ ሲይዝ የሚበላሸው የቱ ነው?

ኮሌራን እንውሰድ፤ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ አተት ሲባል የምንሰማውን። የኮሌራ ተሕዋስ ሕዋሱን አይገድለውም። መርዙ የፊት ለፊቱን የክሎራይድ በር ከፍቶ እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ይህ በር ሲኤፍቲአር ይባላል። ክሎራይድ ያለማቋረጥ ይፈሳል፣ ሶዲየም ይከተለዋል፣ ውሃም ይከተላል። ሰውየው በሰዓታት ውስጥ ብዙ ሊትር ውሃ ያጣል።

ግን አንድ በር ሳይነካ ይቀራል። ሶዲየምና ስኳር አንድ ላይ ሲመጡ ብቻ የሚከፈት የመግቢያ በር አለ። መርዙ እሱን አያበላሸውም። ጨውና ስኳር በልክ በውሃ በጥብጣችሁ ብትሰጡ በዚያ በር ይገባል፣ ውሃውንም ይዞ ይገባል። ኦአርኤስ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሲያልቅበት ይህን ውህድ በገፍ አጠጣ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ጨው፣ ስኳርና ውሃ!

እንግዲህ መንገዱ ሁለት ነው ማለት ነው። ወይ መግቢያውን በር ማገዝ፣ ወይ መውጫውን መዝጋት። ኦአርኤስ መግቢያውን ያግዛል። የቻይናዎቹ ዕፅዋት ጉዳይ የሚመጣው መውጫው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቢጫ፦ ሁዋንግ ሊየን በሩን እንዴት ይዘጋል?

ሁዋንግ በቻይንኛ ቢጫ ማለት ነው። ሁዋንግ ሊየን የተባለው ዕፅ ሥሩ ሲቆረጥ ውስጡ ቢጫ ነው፣ ጣዕሙም እንደ ሬት ይመራል። ቻይናውያን ለተቅማጥ ከጥንት ጀምሮ ይጠቀሙበታል። ቢጫ ያደረገው ንጥረ ነገር በርበሪን ይባላል። (ከበርበሬ ጋር ዝምድና የለውም፤ እትዬም መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህንኑ ነው።) ዛሬ ቻይና ውስጥ የበርበሪን ክኒን ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ የተለመደ የተቅማጥ መድኃኒት ነው።

አሠራሩ ብልህ ነው። የፊት ለፊቱን የክሎራይድ በር ራሱን ሄዶ አይገጥመውም። በጓሮ በኩል ይመጣል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ክሎራይድ ኔጋቲቭ ስለሆነ በፊት በር ሲወጣ የሕዋሱ ኤሌክትሪክ ይዛባል። ሚዛኑ እንዲጠበቅ ፖዘቲቭ የሆነው ፖታሲየም በጓሮ በር መውጣት አለበት። ፖታሲየም ካልወጣ ክሎራይድን የሚገፋው ኃይል ይደክማል። በርበሪን የሚዘጋው ያንን የጓሮ የፖታሲየም በር ነው። ክሎራይዱ በሩ ተከፍቶለት እንኳ የሚገፋው ያጣል።

ሌላም ነገር አለ። በርበሪን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ነው። ለሌላ በሽታ መድኃኒት ላደርገው ለሚል ሰው ይህ ድክመት ነው። ለተቅማጥ ግን ጥሩ ነው፤ ሥራው ያለው እዚያው አንጀት ውስጥ ነውና።

ሰው ላይስ ተሞክሯል? አዎ። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ የባንግላዴሽ ጥናት 165 አዋቂ ሕሙማንን ተከታትሏል። ኢ. ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ መርዝ ተቅማጥ ከያዛቸው መካከል 400 ሚሊ ግራም በርበሪን ከወሰዱት 42 በመቶው በ24 ሰዓት ውስጥ ቆመላቸው። ካልወሰዱት ደግሞ 20 በመቶው። ኮሌራ በያዛቸው ላይ ግን ጥቅሙ አነስተኛ ነበር። ልብ በሉ፣ ሁሉም አዋቂዎች ናቸው። የጠፋባቸው ፈሳሽም ይተካላቸው ነበር።

ለሕፃንስ?

ለአራስ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። አዲስ የተወለደ ልጅ ደም ውስጥ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይበዛል። ብዙ አራስ ሕፃናት ቢጫ የሚሆኑት ለዚህ ነው። በጤናው ጊዜ ቢሊሩቢን ደም ውስጥ ካለ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ አንጎል ጋ አይደርስም። በርበሪን ግን ከተጣበቀበት ያላቅቀዋል። የተላቀቀው አንጎል ከገባ የማይድን ጉዳት ያደርሳል። ሲንጋፖር በዚሁ ስጋት እ.ኤ.አ. በ1978 በርበሪንን ከልክላ ነበር። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም መውሰድ የለባቸውም።

ይህን ሳነብ ከሌሊቱ አራት ሰዓት ነበር። ነጋ አልነጋ ሳልል እትዬ ጋ ደወልኩ።

ሁለተኛው ቢጫ፦ ዳ ሁዋንግ ለምን ተቃራኒውን ይሠራል?

ዳ ሁዋንግ «ትልቁ ቢጫ» ማለት ነው። በሌላ ስሙ ሩባርብ ነው። ይህም ቢጫ ሥር ነው። ይህም መራራ ነው። ሥራው ግን የሁዋንግ ሊየን ተቃራኒ ነው፤ ሆድ ያስኬዳል። «ቢጫው የቻይና መድኃኒት» ብሎ በቀለም መለየት የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

ፍቱን የሆነው ክፍሉ ሴኖሳይድ ይባላል። ሰናመኪ ቅጠል ውስጥ ያለውም ይኸው ነው። ሴኖሳይድ ከስኳር ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ ትንሹ አንጀት አይቀበለውም። ሳይነካ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ይበሉና የቀረውን ወደሚሠራው መልክ ይቀይሩታል። ማታ የጠጣ ሰው ጠዋት የሚያጣድፈው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ክሎራይድና ውሃ ወደ አንጀት እንዲፈስ ያደርጋል፣ የሶዲየሙን ፓምፕ ያዳክማል፣ አንጀቱንም ያንቀሳቅሳል።

አዘገጃጀቱም ለውጥ ያመጣል። ዳ ሁዋንግ ብዙ ሲፈላ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ሆድ እንዲያስኬድ የፈለገ ቻይናዊ ሐኪም ሌላው ዕፅ ሁሉ ከፈላ በኋላ መጨረሻ ላይ ይጨምረዋል። የወጥ መከለሻ ጠረኑ እንዳይጠፋ መጨረሻ ላይ እንደሚገባው ማለት ነው። በዚያ ላይ ሥሩ ታኒን አለው። ታኒን ያደርቃል። ሆዱን ካስኬደ በኋላ ተመልሶ የሚያደርቀው ሰው የሚያጋጥመው ከዚህ የተነሳ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ብቻውን አይደለም። ማዝ ረን ዋን የሚባል ስድስት ዕፅ ያለበት እንክብል አለ፤ ዳ ሁዋንግ አንዱ ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ የሆድ ድርቀት ባለባቸው 120 ሰዎች ላይ ለ8 ሳምንት ተሞከረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። እንክብሉን ከወሰዱት 43.3 በመቶው ተሻላቸው። ባዶ እንክብል ከተሰጣቸው ደግሞ 8.3 በመቶው።

መቅመቆና ብሳና የቻይና ዕፅዋት ዘመዶች ናቸው?

ናቸው። ቅቤ ሲነጠር የምንጨምረው መቅመቆ ከዳ ሁዋንግ ጋር አንድ የዕፅ ቤተሰብ ነው። ቢጫውም ከዚያው ዓይነት ንጥረ ነገር ነው የመጣ። መንዝ ውስጥ ለሆድ ቁርጠት ሥሩ የሚታኘከው ቱልትም የመቅመቆ የቅርብ ዘመድ ነው። ግን ዝምድና አንድ ሥራ አያሰጥም። መቅመቆ ውስጥ የታወቁት ኢሞዲንና መሰሎቹ ስኳር ሳይጣበቅባቸው ነፃ ሲሆኑ ብዙዎቹ ትልቁ አንጀት ሳይደርሱ ወደ ደም ይገባሉ። ስለዚህ «ቻይናዎቹ ሩባርብ አላቸው፣ እኛ መቅመቆ አለን፣ ያው ነው» አይባልም።

ብሳና ከዚህ የባሰ ያስተምራል። ክሮቶን ከሚባለው ወገን ነው። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ቀይ ፈሳሽ የሚያወጣ ሌላ ክሮቶን አለ። ከእሱ የተሠራው ክሮፈለመር ሁለት የክሎራይድ በሮችን በቀጥታ ይዘጋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በኤችአይቪ ሕሙማን ላይ ለሚታይ ተቅማጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ፈቅዶታል። ቻይና ውስጥ ደግሞ ባዱ የሚሉት ሦስተኛ ክሮቶን አለ። የእሱ ፍሬ ሆድን በኃይል የሚያስኬድ መርዝ ነው። የአንድ ወገን ልጆች፤ አንዱ በር ይዘጋል፣ አንዱ በር ይሰብራል። የኛው ብሳና ጭማቂው ለጭርት ይቀባል። ቆዳ ላይ ስለተቀባ ግን ለሆድ ይጠጣል ማለት አይደለም።

ይህን ሁሉ በምን አወቁት?

ሌላው ዴንማርካዊ ሃንስ ኡሲንግ እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ በእንቁራሪት ቆዳ ላይ የሠራው መሣሪያ አለ። ቁራሽ የአንጀት ሽፋን በሁለት ጨዋማ የውሃ ክፍሎች መካከል ይወጠራል። አዮን ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ፣ ሲያልፍ ጅረቱ ይለካል። የዕፁ ጭማቂ ጠብ ሲደረግበት ቁጥሩ ከፍ ካለ አንድ በር ተከፈተ ማለት ነው። ዝቅ ካለ ተዘጋ። ከዚያ አንድ በአንድ የታወቁ በር መዝጊያዎችን እየጨመሩ የትኛው በር እንደሆነ ይለያሉ። ከሰው የትልቁ አንጀት ካንሰር የተገኙ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚባዙ ሕዋሳትም ይጠቀማሉ። የበርበሪን የጓሮ በር የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ድክመቱም ግልጽ ነው። የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያለ ቁራሽ አንጀት ጉበት የለውም፣ ባክቴሪያም የለውም። ሳህኑ ላይ የሚጨመረው መጠን ከሚጠጣው ሻይ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። «በጥናት ተረጋግጧል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ፣ በሳህን ነው በሰው ብላችሁ ጠይቁ።

የማቅጠኛው ሻይስ?

ብዙዎቹ ማቅጠኛ ሻዮች ውስጥ ያለው ሰናመኪ ወይም ዳ ሁዋንግ ነው። ሚዛኑ ይወርዳል፣ እውነት ነው። የወረደው ግን ውሃ ነው። ከምግብ የሚገኘው ጉልበት ትንሹ አንጀት ላይ ቀድሞ ገብቷል። ሻዩ የሚሠራው ከዚያ በታች ነው። ስብ አይነካም።

ከውሃው ጋር ፖታሲየም ይወጣል። ጡንቻና ልብ ያለ ፖታሲየም አይሠሩም። አንዲት የማውቃት ልጅ ለሠርጓ ልቅጠን ብላ ለሳምንታት ጠጥታ ደረጃ መውጣት አቅቷት ነበር። ሐኪም ቤት ሲመረመር ፖታሲየሟ ወርዷል። የሚያሳዝነው፣ ፖታሲየም ሲወርድ አንጀትም ይሰንፋል። ሆድ ይደርቃል። ሰውየው «ሻዩ አነሰኝ» ብሎ ይጨምራል።

ጋንጻኦ የሚባለው ጣፋጭ ሥርም በብዙ የቻይና ቅመማዎች ውስጥ ይገባል። ሊኮሪስ ነው። ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ሰውነት ሶዲየም እንዲይዝና ፖታሲየም እንዲያጣ ያደርጋል፤ ይህ በዋናነት ኩላሊት ላይ ነው። የደም ግፊት ይጨምራል። ግፊት ላለበት ሰው ከባድ ነው፤ ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒን ለሚወስድ ደግሞ ይብሳል።

ቤት ውስጥ ተቅማጥ ሲገባ ምን ይቀድማል?

የወጣውን ውሃና ጨው መመለስ። መውጫውን የሚዘጋ ዕፅ የፈሰሰውን አይመልስም። አንዱን የኦአርኤስ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ካላችሁ መለኪያው እሱ ነው። ውሃውን አታሳንሱ፣ ስኳርም አትጨምሩ፤ ጨውና ስኳሩ በልክ ካልሆነ በሩ በደንብ አያስገባም። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀውን ድፉት። ከስድስት ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በታች ላለው 10 ሚሊ ግራም። ጡት አይቋረጥም። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ደም ከታየ ወይም መጠጣት ካቃተው ጊዜ የሚሰጥ አይደለም፤ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

እትዬና ልጃቸው ማግስቱን ሕፃኑን አቅፈው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ መዘነችው፤ ክብደቱ ጨምሯል። ዳይፐሩን አየች። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ሰገራው ቢጫና ልል ነው፣ በቀን ብዙ ጊዜም ይወጣል። ተቅማጥ አልነበረም።

ብልቃጡ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው ያለው። እትዬ የግፊት ክኒን ይወስዳሉ። በርበሪን ሌላ መድኃኒት ጉበት ውስጥ የሚሰባበርበትን መንገድ ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ለራሳቸውም ቢሆን ክኒኖቹን ሁሉ ይዘው ፋርማሲስቷን ሳያናግሩ እንዳይከፍቱት ተስማምተናል። ሐሙስ አብሬያቸው እሄዳለሁ።